ለጉዳት አበል ይግባኝ ማስረጃን ስለማሰናዳት፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ አካባቢ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ፣ ከሐይቅና ከሐርቡ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራ ላይ ተጎድታችሁ አበል ብትጠይቁ «አይገባችሁም» ወይም «የሚገባችሁ ይህን ያህል ብቻ ነው» የሚል ደብዳቤ የደረሳችሁ በመካከላችን አላችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም በማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ፊት የምታቀርቡት ማስረጃ ምን መምሰል እንዳለበት ነው።

ብዙ ሰው ሕመሙ በዓይን ስለሚታይ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለውም። ጉባኤው የሚመረምረው ግን ጉዳቱ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነትና ሠራተኛው በጉዳቱ ምክንያት ያጣውን የመሥራት ችሎታ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014ም ሆነ በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትና ከሥራ ጋር ያልተያያዘ የጤና ጉድለት ለየብቻ ይታያሉ። ለጤና ጉድለት አበል ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል፤ ለሥራ ላይ ጉዳት አበል ግን ይህ መስፈርት የለም። ስለዚህ ጥቂት ዓመት ብቻ ያገለገለ ሠራተኛ ጉዳቱ በስህተት «የጤና ጉድለት» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሊያገኘው የሚችለውን አበል በአንድ ቃል ምክንያት ሊያጣ ይችላል። የውሳኔው ደብዳቤ ሲደርሳችሁ በመጀመሪያ የተከለከላችሁበትን ምክንያት አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ቢኖር የሚያምነውን ሰው ያስነብብ። ደብዳቤው የደረሳችሁበትንም ቀን ወዲያው ጻፉ፤ ይግባኝ የማቅረቢያ ጊዜ ይቆጠራልና።

ከማስረጃዎች ሁሉ በላይ ክብደት ያለው በአደጋው ሰሞን የተጻፈው ነው። አሠሪው ያዘጋጀው የአደጋ ሪፖርት፣ የፈረቃው የመገኛ መዝገብ፣ በመጀመሪያው ቀን የታከማችሁበት ካርድና የሪፈር ወረቀት፣ ሁሉም ስለ ቀኑ፣ ስለ ቦታውና ስለምትሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነገር መናገር አለባቸው። በእኛ አካባቢ ሁለት ነገሮች ይህን ስምምነት ሲያፈርሱት ይታያል። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ አንዳንድ ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጽፍ የሕክምና ካርዱ በኢትዮጵያ ይጻፋል፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ካልተደረገበት አንዱ አደጋ ሁለት የተለያየ ቀን ያለው ይመስላል። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው፤ መሐመድ በአንዱ ወረቀት ላይ ሙሐመድ፣ እንድሪስ በሌላው ላይ ኢድሪስ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለቤተሰብና ለጎረቤት ምንም ላይሆን ይችላል፤ መዝገብ ለሚያገላብጥ ሰው ግን ሁለት ሰው ነው። ጉዳያችሁ ከመቅረቡ በፊት ስሙ የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌያችሁ አሠሩ።

አደጋው ከግቢ ውጭ የደረሰባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚደርስበት ጉዳትም በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ፈልጋችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ሕክምና ቦርዱ ማስረጃ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል፤ አበል የሚያስገኘውም ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉዳት ነው። ቦርዱ ግን የሚያያችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ለሰው ፊት ስትሉ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችሁ ሕመማችሁን ዋጥ ማድረጉ ያገራችን ጨዋነት ነው፤ ሐኪም ፊት ግን የማትችሉትን በግልጽ መናገር ማማረር አይደለም። «ጣቴን ያመኛል» ከማለት «የተበጠሰ ክር መቀጠል አልችልም፣ ባልዲ ሙሉ ውኃ አላነሣም፣ ልጄን ለማልበስ ሌላ ሰው ይረዳኛል» ማለት የጠፋውን የመሥራት ችሎታ ያሳያል። ይህንንም ሳትረሱት በየሳምንቱ ከነቀኑ በደብተር ላይ ማስፈር ይጠቅማል።

በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ለቆያችሁ ደግሞ የጥጥ ብናኝ የሚያስከትለው የሳንባ ሕመም እንደ ማሽን አደጋ አንድ ቀን የለውም። ሕመሙ ከዕረፍት ቀን በኋላ ወደ ሥራ በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ደረትን አጥብቆ በመያዝ ይታወቃል። ስለዚህ ለሐኪማችሁ ትንፋሻችሁ የሚያጥረው መቼ እንደሆነ ንገሩት፤ ጥጥ በሚበጠርበትና በሚፈተልበት ክፍል ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ የሚገልጽ ደብዳቤም ከድርጅታችሁ ጠይቁ። የሥራ መደቡን ብቻ የሚጠቅስ ደብዳቤ ክፍሉን ስለማያሳይ አይበቃም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ የጤና ተቋማትና ፋብሪካዎች ተዘርፈው ብዙ መዝገብ ጠፍቷል። የተጎዳ ሰው መዝገቡም በመጥፋቱ ዳግመኛ ሊጎዳ አይገባም፤ ይህን በሙሉ እምነት እናገራለሁ። መዝገቡ ከጠፋ፣ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከተቋሙ ጠይቁ፤ ከዚያም የቀረውን ፍርስራሽ ሰብስቡ። ቤት የተቀመጠ ራጅ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየሆነ የገባው የጡረታ መዋጮ መረጃ፣ ሁሉም በዚያ ጊዜ በዚያ ቦታ ሠራተኛ እንደነበራችሁ ይመሰክራሉ። የሰው ምስክር ስትመርጡም በዚያው ፈረቃ የነበረውንና በዓይኑ ያየውን ምረጡ። ስለ ጠባያችሁ ብቻ የሚናገር የተከበረ ሽማግሌ፣ አደጋው ሲደርስ ማሽኑን ካቆመው ወጣት የበለጠ አይረዳችሁም።

ዋናውን ሰነድ ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ለማመሳከር ብቻ አሳዩ፤ ኮፒውን ስታስገቡ ደግሞ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያለበት ሌላ ኮፒ ይዛችሁ ተመለሱ። ዛሬ ወረቀታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከአዳራሹ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከውሳኔው ደብዳቤ ጀምረን አንድ በአንድ አብረን እናየዋለን። ያልያዛችሁ ደግሞ የጎደለውን ጻፉልን፤ ከየት እንደሚጠየቅ እንነግራችኋለን።