ቡናው እስኪደርስ

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ የንባብ ክበባችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ከኢንተርኔት ላይ የለቃቀምካቸውን አስገራሚ ነገሮች አጫውተን» አሉኝ። ለምን ያህል ጊዜ ልናገር ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ቡናው እስኪደርስ» ሆነ። ረከቦቱ ከኋላችሁ ተዘርግቷል፤ ቡናው ገና እየታጠበ ነው። ስለዚህ ጊዜ አለን።

የምጠራቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስለ አቆጣጠር ከተነሳ ደግሞ፣ «ኢትዮጵያ ሂዱና በሰባት ዓመት ወጣት ሁኑ» የምትለዋን ነገር ዛሬ አላነሳትም። በየዓመቱ እንደ አዲስ ግኝት ትለጠፋለች። እኔን በቃችኝ።

በቡና ልጀምር።

ጊዜው 1991፣ ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ በጋራ የሚጠቀሙባት አንዲት የቡና ማፍያ ነበረቻቸው። የተቀመጠችው ትሮጃን ሩም የሚባል ክፍል አጠገብ ነው። ሰዎቹ ግን በሕንጻው ውስጥ ተበታትነው ነው የሚሠሩት። ሌላ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሥራውን ትቶ፣ ኩባያውን ይዞ፣ ደረጃውን ጨርሶ ሲደርስ ማፍያዋ ባዶ ናት። አጠገቧ ያሉት ጨልጠው ሄደዋል። ይህ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስቡት።

ክዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነገሩ ሰለቻቸው። ካሜራ አምጥተው ማፍያዋ ላይ ደገኑ። አንደኛው ምስሉን የሚልክ ፕሮግራም ጻፈ፤ ሌላኛው ምስሉን በየሰዉ ኮምፒውተር ጥግ ላይ የሚያሳይ። ምስሉ የቴምብር ያህል ነው። ቀለም የለውም፤ የሚታደሰውም በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስታፎርድ ፍሬዘር በኋላ ሲያጫውቱ ይህ ይበቃን ነበር ይላሉ። ማፍያዋ የምትሞላው ቀስ ብላ ነው። ምስሉ ግራጫ መሆኑም ችግር አልነበረም፤ ቡናውም ግራጫ ነበርና።

እዚህ ጋ ያሉ እናቶች ሲስቁ አየሁ። አልፈርድባችሁም። ቡና ግራጫ ከሆነ ያፈላው ሰው ይጠየቃል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ችግር በኛ ሰፈር ድሮ ተፈትቷል። ቡና ሲደርስ ልጅ ይላካል። ልጁ ሮጦ በር ያንኳኳና «እትዬ፣ ቡና ጠጡ ተብለዋል» ይላል። ካሜራ የለ፣ ሽቦ የለ። እንዲያውም ልጁ ከካሜራው ይበልጣል። ማን ቤት እንዳለ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን «መጣሁ» ብሎ እንደማይመጣ ተመልሶ ይናገራል። ደግሞ በኛ ቤት ዘግይቶ መምጣት ባዶ አያስቀርም። አቦል ያመለጠው ቶና ይደርሳል፤ ቶና ያመለጠው በረካ አያጣም። ካምብሪጆች የሚላክ ልጅ አልነበራቸውም፤ በረካም የላቸውም። ካሜራ ቢሠሩ አይገርምም።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ የቢሮ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። በ1993 ግን ድረ ገጾች ፎቶ ማሳየት ጀመሩ። ዳንኤል ጎርደንና ማርቲን ጆንሰን የሚባሉ ባልደረቦች በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ያችን ምስል ለዓለም ከፈቷት። ከዚያ በኋላ ሚሊዮኖች አዩዋት። ምኗን? ስትሞላና ስትጎድል! ከጃፓን ኢሜይል ይመጣ ነበር። በኛ ቀን የናንተ ሌሊት ነው፤ ክፍሉ ሲጨልም ማፍያዋ አትታየንም፤ እባካችሁ መብራት አታጥፉ የሚል። የከተማው የቱሪስት ቢሮ ሳይቀር እሷን ማየት የሚፈልጉ እንግዶችን አቅጣጫ ይጠቁም ነበር።

እስቲ አስቡት። ከጃፓን ድረስ የማይቀምሱት ቡና ሲጎድል ቁጭ ብሎ ማየት። ሥራ ፈትነት ነው የሚል ይኖራል። እኔ እንዲያ አልልም። ያኔ ሰው ዓለምን የሚያውቀው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው፤ ተመርጦና ተቆርጦ የመጣለትን ብቻ። ይህች ግን ማንም ያልቆረጣት፣ ማንም ያላሳመራት፣ ሩቅ አገር ያለች አንዲት ተራ እቃ ናት። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እዚያ አለች። ዛሬ ውጭ ያለችው ልጃችሁ በስልክ ደውላ «እስቲ ካሜራውን ወደ ምድጃው አዙሪው፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» ስትል የምትፈልገው ያንኑ አይደል?

በ2001 ቤተ ሙከራው ወደ ሌላ ሕንጻ ሲዛወር ካሜራው ተዘጋ፤ ነሐሴ 22 ቀን። ማፍያዋ በኢቤይ ለጨረታ ቀረበች። የጀርመኑ ሽፒገል መጽሔት የኢንተርኔት ክፍል በ3,350 ፓውንድ ገዛት። የሠራት ፋብሪካ ሠራተኞች በነጻ ጠገኗት፤ አሁን ፓደርቦርን በሚባል የጀርመን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ናት። ያረጀች ማፍያ እንዲህ ያለ ጡረታ ማግኘቷ ደስ ይላል።

(ከኋላ ቡና ሲቆላ እሰማለሁ። ገና ነው ማለት ነው። ልቀጥል።)

ከቡና ሳንወጣ አንዲት ትንሽ ነገር። አንድ ገጽ ሲጠፋ 404 የሚል ቁጥር የሚመጣባችሁን ታውቃላችሁ። 418 የሚባልም አለ። ትርጉሙ «እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነኝ» ነው። ኢንተርኔት የሚሠራባቸውን ደንቦች የሚያትሙ ባለሙያዎች በሚያዝያ ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ፈረንጆች በሚሞኛኙበት ቀን፣ የቀልድ ደንብ የማውጣት ልማድ አላቸው። በ1998 ላሪ ማሲንተር የሚባሉ ሰው የቡና ማፍያን በኢንተርኔት ማዘዣ ደንብ ጻፉ። የሻይ ማንቆርቆሪያን ቡና አፍይልኝ ብትሉት 418 ብሎ ይመልሳል። በ2017 አንድ ባለሙያ ይህ ቀልድ ከቁም ነገር ፕሮግራሞች ውስጥ ይውጣ አለ። ወጣቶች ተቃወሙ፤ የ15 ዓመት ልጅ «418ን አድኑ» የሚል ድረ ገጽ ከፈተ። ያሸነፈው ልጁ ነው። በ2022 የወጣው ዋናው ደንብ ቁጥሩን ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ አድርጎ አስቀመጠው። ቀልዱ ይዞታው ተረጋገጠለት፣ ካርታም ወጣለት እንበል።

ከእነዚህ የሚያዝያ ቀልዶች እኔ አብልጬ የምወዳት ግን የርግቧን ናት።

በ1990 ዴቪድ ዌይትዝማን የሚባል ሰው የኢንተርኔት መልእክት በርግብ የሚላክበትን ደንብ ጻፈ። ቋንቋው ኮስታራ ነው፤ ፈገግ አይልም። ሰው አንብቦ ስቆ አለፈ። ከ11 ዓመት በኋላ በርገን በምትባል የኖርዌይ ከተማ ያሉ የኮምፒውተር ወዳጆች «ለምን አንሞክረውም?» አሉ። ኮምፒውተሮች «አለህ?» «አለሁ» የሚባባሉበት መልእክት አለ፤ እሱን ወረቀት ላይ እያተሙ በርግቦቹ እግር ላይ ጠቅልለው ለቀቁ። ዘጠኝ «አለህ?» ተልኮ አራት «አለሁ» ተመለሰ። ፈጣኑ መልስ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። ዘገምተኛው አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አለፈው። የቀሩት አምስቱ የቁራ መልእክተኛ ሆነው ቀሩ። እንደ ኖኅ ዘመን ቢሆን ርግብ አታሳፍርም ነበር።

ቀልዱ ቁም ነገር የሆነው ደቡብ አፍሪካ ነው። በ2009 በኢንተርኔት መንቀራፈፍ የተማረሩ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ዊንስተን የሚባል የ11 ወር ርግብ አመጡ። እግሩ ላይ 4 ጊጋባይት የያዘች ሚሞሪ ካርድ አሰሩ። ከፒተርማሪትዝበርግ አጠገብ ወደ ደርባን አጠገብ ለቀቁት። በዚያው ቅጽበት ያንኑ ፋይል በኢንተርኔት መላክ ጀመሩ። ዊንስተን በ1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ደረሰ። ከካርዷ ላይ ወደ ኮምፒውተር እስኪገለበጥ ድረስ ሲቆጠር 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ያህል ፈጀ። በዚያን ጊዜ በመስመሩ የደረሰው የፋይሉ 4 በመቶ ብቻ ነበር።

ወጣቶቹ ሲስቁ አየሁ፤ እናንተ ግን የምትስቁት በማን ላይ ነው? ፊልም ለማውረድ ሌሊቱን ከመጠበቅ ፍላሽ ይዞ ሱቅ ሄዶ ያስጫነ ሰው ሁሉ ዊንስተን ነው። ክንፍ ስለሌለው ታክሲ ይሳፈራል እንጂ። መንገድ ላይ የሚሄድ እቃ አንዳንዴ በሽቦ ከሚሄደው ይቀድማል። እዚህ ይህን ለማወቅ ደንብ ማንበብ አላስፈለገንም።

አሁን ወደ ባሕር።

በ2016 የእንግሊዝ የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ምክር ቤት 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ የዋልታ ምርምር መርከብ እያሠራ ነበር። ሕዝቡ በኢንተርኔት ስም ያውጣላት ተባለ። የከበረ ስም ነበር የጠበቁት። አንድ የቀድሞ የሬዲዮ አቅራቢ ለቀልድ «ቦቲ ማክቦትፌስ» የሚል ጥቆማ ላከ። በኛ አማርኛ «ጀልቢት ጀልባ ፊቷ» እንደማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ያለው ከቡናው በኋላ ያርመኝ። 124,109 ድምፅ አገኘ። ሁለተኛ የወጣው አጠገቡም አልደረሰ።

ባለሥልጣናቱ ተጨነቁ። በመጨረሻ መርከቧ በታዋቂው የተፈጥሮ ፊልሞች አቅራቢ ስም ሰር ዴቪድ አተንቦሮ ተባለች። የሕዝቡ ስም ደግሞ መርከቧ ይዛት ለምትሄደው፣ ሰው ለማይሳፈርባት፣ ቢጫ ጠላቂ ሮቦት ተሰጠ። ብዙ ሰው ሕዝቡ ተሸወደ አለ። ድምፅ ስጡ ብሎ ጠይቆ ውጤቱን አልወደድኩትም ማለት ደስ አይልም፤ እሱ እውነት ነው። ግን ቀጥሎ የሆነውን ስሙ።

በ2017 ቦቲ በሌላ መርከብ ተጭና ወደ አንታርክቲካ ሄደች። ኦርክኒ መተላለፊያ በሚባለው የባሕር ውስጥ ሸለቆ ጠለቀች፤ አካባቢው 4,000 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዋን 180 ኪሎ ሜትር እየተጓዘች የውኃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና መናወጥ ለካች። ውጤቱ በ2019 ታተመ። በደቡቡ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ከላዩ ካለው ሞቅ ያለ ውኃ ጋር ይበልጥ ይደባለቃል፤ ጥልቁ ይሞቃል። የሚሞቅ ውኃ ይሰፋል፤ የባሕር ወለልም ይነሳል። ይህን ያሳየው በሳቅ የተመረጠ ስም የያዘው ሮቦት ነው። ሳይንቲስቶች ኮስተር ባለ ጽሑፍ ውስጥ «ቦቲ ማክቦትፌስ» ብለው ሲጽፉ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳዩ ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ቡናው ተወቀጠ መሰለኝ። አንዲት ብቻ ልጨምር፤ ስለ ኢሜይል ምልክት። ያቺ ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 የሰውንና የኮምፒውተሩን ስም ለመለየት የመረጣት፣ ጭራዋን በራሷ ዙሪያ የጠቀለለች «ኤ»። እኛ «አት» ብለን እናልፋታለን። ሌላው ዓለም ግን ዝም ብሎ አላለፋትም። ጣሊያን ቀንድ አውጣ ይላታል። ሩሲያ ውሻ። ሆላንድ የዝንጀሮ ጭራ። ዴንማርክ ኩንቢ ያላት ኤ። ግሪክ ደግሞ ትንሽ ዳክዬ። እስራኤል ያለ ዘመድ ካላችሁ በዕብራይስጥ ኢሜይሉን ሲናገር ጆሯችሁን ጣሉ፤ መሐል ላይ «ሽትሩደል» ይላል። ጥቅልል ኬክ ማለት ነው።

እና እኛስ? እኔ ለብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ባለፈው እሑድ እናቴ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ፣ እያዞረች፣ እያዞረች ወደ መሐል ስታስገባው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያቺው ናት! «እማዬ፣ ይህን ዙር ምን ትሉታላችሁ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ማዞር ነዋ፤ አሁን ዞር በልልኝ፣ አክንባሎውን ልድፋበት» አለችኝ።

አሁን እዚያ ጥግ ያለችው ልጅ እጇን እያውለበለበች ነው። ካሜራ አላስፈለገንም። አቦሉ ተቀድቷል፤ አመሰግናለሁ።