አንድ ጫማ ለሁሉም እግር

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ይቅርታ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት፣ ኤግዚት ኤግዛም 11 ቀን ነው የቀረው እና ሪል አናሊሲስን፣ ካልኩለስን ከሥሩ በማስረጃ የሚያረጋግጠውን የሒሳብ ኮርስ፣ እንደ አዲስ ለብቻዬ እያነበብኩት ነው። እንደ አዲስ ስል ኮርሱን ወስጃለሁ፣ ቢ ፕላስ ነው ያመጣሁት፣ ግን መምህራችን ሴሚስተሩ ሲያልቅበት የመጨረሻዎቹን ቻፕተሮች በሀንድአውት ሸኘን፣ እኛም ደስ ብሎን ተሸኘን።

መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ፣ ፕሮግራም ማውጣት። በከለር። በቀን አንድ ቻፕተር። እሱን ሳሳምር ግማሽ ቀን ሄደ፣ በሁለተኛው ቀን ፈረሰ። ምክንያቱም አንዲት ገጽ ላይ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ ዩኒፎርም ኮንቲኒዩቲ። ተራው ኮንቲኒዩቲ x ትንሽ ሲንቀሳቀስ የፈንክሽኑ ውጤትም ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ከሱ ጋር ሳስተያየው ያው ኤፕሲሎን አለ፣ ውጤቱ እንዲርቅ የምንፈቅድለት መጠን፣ ያው ዴልታ አለ፣ ለዚህ ሲባል x ሊርቅ የሚችለው መጠን፣ የቃላቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው የተቀያየረው። ሳነበው ይገባኛል፣ ደብተሩን ስዘጋው ባዶ።

እህቴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ሽንኩርት እየከተፈች "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለችኝ። እኔም በቃ እሷን ልጠይቅ ብዬ "ለእያንዳንዱ እግር ልኩ የሆነ ጫማ አለ ማለትና ለሁሉም እግር ልክ የሆነ አንድ ጫማ አለ ማለት አንድ ነው?" አልኳት። "ሁለተኛው ውሸት ነዋ" አለች፣ ቀና እንኳን ሳትል። በቃ! እግሩ ነጥቡ ነው፣ ጫማው ዴልታ ነው። ተራው ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ዴልታ፣ ዩኒፎርሙ ለሁሉም ነጥብ አንድ ዴልታ።

ከዛ 1/x ን ከ0 እስከ 1 ባለው ክፍት ኢንተርቫል ላይ በእጄ ሠራሁት፣ ኤፕሲሎንን 1 አድርጌ። 0.1 ላይ ዴልታ 0.009 ገደማ ነው፣ 0.01 ላይ 0.000099 ገደማ ሆነ፣ ወደ ዜሮ 10 እጥፍ ስጠጋ ዴልታው ከ90 እጥፍ በላይ አነሰ፣ ማለቂያ የለውም፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዴልታ የለም። ከ0.1 እስከ 1 ብቻ ካልን ግን 0.009 ሁሉንም ይችላል። እዚህ ጋ የጫማዋ ምሳሌ ትፈርሳለች እንግዲህ፣ ዴልታ ቢያንስ ችግር የለውም፣ ጫማ ቢያንስ ግን እግር ይልጣል።

ደግሞ ያጽናናኝ ነገር፣ ኮሺ ራሱ፣ ያ ትልቁ የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ፣ በፈረንጆቹ 1821 የኮንቲኒዩየስ ፈንክሽኖች ሲሪስ፣ ማለቂያ የሌለው ድምር ማለት ነው፣ ኮንቨርጅ ካደረገ፣ ወደ አንድ ውጤት ከተጠጋ ማለቴ ነው፣ ድምሩም ኮንቲኒዩየስ ነው ብሎ ጻፈ፣ በ1826 ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ አቤል የማይሠራበትን ምሳሌ አመጣ። የጎደለችው እኔን አራት ሰዓት ያስቀመጠችኝ ያቺው "ዩኒፎርም" የምትል ቃል ነበረች፣ እዚህ ግን ኮንቨርጀንሱ ላይ።

ፕሮግራሙን ቀደድኩት። አሁን በቀን ሦስት ቲዎረም፣ ደብተር ተዘግቶ፣ ቀድሞ በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ። ጓደኛዬ "ፈተናው ምርጫ ነው፣ ፕሩፍ ምን ያደርግልሃል" ይለኛል፣ ግን ወንድሜ፣ ኤ እና ሲ የሚለያዩት እኮ በዛችው በቃላት ቅደም ተከተል ነው።

ሪማን ኢንተግራልን ገና አልነካሁትም። ፒዲኤፉ ስልኬ ላይ ነው፣ ስልኬ 14 ፐርሰንት ነው፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል፣ ልሂድ በቃ፣ ቻው።