ጥይቱ ስንት ይሮጣል? ስለ ፍጥነት መለኪያ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ኢላማ ተኩስ ካወራን ወዲህ ስልኩ አላረፈም። የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ የጥይት ፍጥነት ስለሚለካው ክሮኖግራፍ። ተኳሾቹ አሳጥረው ክሮኖ ይሉታል። ሰዓት ሳይበቃን የቀሩትንም ጨምረን እንመልሳለን።

ከድሬዳዋ ሳቢያን፦ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፤ ምን ላምጣልህ አለኝ። ባለ ዘንጉን ርካሹን ልበለው ወይስ ራዳሩን? መሣሪያዬ ፈቃድ አለው፤ የምተኩሰውም ከሌሎች ጋር ተሰልፌ ነው።

አቦ፣ እንዲህ ያለ ዘመድ ለሁሉም ይስጥ! ተሰልፈህ የምትተኩስ ከሆነ ራዳሩን በለው።

ባለ ዘንጉ በብርሃን ነው የሚሠራው። ሁለት ዳሳሾች አሉት። አረሩ በላያቸው ሲያልፍ ጥላውን ያያሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የፈጀበትን ጊዜ ይይዛሉ፣ ርቀቱ ለጊዜው ይካፈላል፣ አለቀ። ችግሩ ዕቃው ከአፈሙዙ ፊት ጥቂት ሜትር ርቆ መቆሙ ነው። አንተ እሱን ለመትከል ወደፊት ስትሄድ ተኩስ ይቆማል፣ ሁሉም መሣሪያውን አውርዶ ይጠብቅሃል፣ ንፋስ ከጣለው ደግሞ እንደገና። ትንሽ ዝቅ ብለህ ከተኮስክ ዕቃውን ራሱን ትመታዋለህ። ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ክሮኖ ያለቀው በባለቤቱ ጥይት ነው።

ራዳሩ አጠገብህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ እየራቀ ካለው አረር ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ተቀይሮ ይመጣል፣ ፍጥነቱ የሚሰላው ከዚያ ልዩነት ነው። ከቀደሙት ውስጥ ላብራዳር የሚባለው ጥሩ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፣ ወደ ኢላማው በደንብ ማነጣጠር ይፈልጋል፣ ደግሞ የሚነሳው በተኩሱ ድምፅ ስለሆነ የጎረቤት ተኩስም ሊቀሰቅሰው ይችላል። በፈረንጆቹ 2023 የወጣው የጋርሚን ዜሮ ሲ1 ከስልክ ያነሰ ነው። ከ30 እስከ 1,500 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይለካል፤ አምራቹ የሚለው ስህተቱ 0.1 በመቶ ነው። ዋጋው ሲወጣ 600 ዶላር አካባቢ ነበር። ባለ ዘንጎቹ ላይ አምራቾቹ የሚጽፉት ከ0.25 እስከ 0.5 በመቶ ነው። 700 ሜትር በሰከንድ ለሚሮጥ ጥይት 0.5 በመቶ ማለት 3.5 ሜትር ነው። ያን ያህል የሚያሳዝን አይደለም። ስለዚህ ብሩን የምትከፍለው ለትክክለኛነቱ ብቻ እንዳይመስልህ፤ በዋናነት የምትገዛው ምቾቱን ነው። ለብቻህ፣ ጊዜ ኖሮህ፣ ሰው ሳይጠብቅህ የምትተኩስ ብትሆን ኖሮ ርካሹን እልህ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ። ራዳሩ የራዲዮ ሞገድ ይለቃል፣ ለተኩስ የሚውል ዕቃም ነው። የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ጠበቅ ብሏል። ልጁ ከመሳፈሩ በፊት ጉምሩክንና ፖሊስን ጠይቅ፤ ደረሰኙንና ማኑዋሉንም ይያዝ። ቦሌ ደርሶ ከመለማመጥ ይሻላል።

ከገንደ ቆሬ፦ ባለ ዘንጉ አለኝ። ጠዋት ደህና ይሠራል። ስድስት ሰዓት ላይ ግን አንዴ አላየሁም ይላል፣ አንዴ 1,100 ይላል።

የድሬ ፀሐይ ናት። ዳሳሾቹ ወደ ሰማይ ነው የሚያዩት፤ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ትቆማለች። አረሩም ራሱ ያበራል፣ ጥላው ይጠፋል። ከዕቃው ጋር የመጡት ነጫጭ የፕላስቲክ ክዳኖች ዘንጎቹ ላይ የሚሰኩት ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ሳጥን ውስጥ ትቷቸው ይመጣል። ክዳኖቹን ስካቸው። ከጠፉብህ ነጭ ጨርቅ ከላይ ወጥር፣ ብርሃኑ እኩል ይበተናል። ደመና ሲሆን ግን ያለ ክዳንም ይሠራል። የ1,100ዋ ነገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ሊኖራት ይችላል። ዕቃውን ለአፈሙዙ በጣም ካስጠጋኸው የባሩዱ ጭስና የፍንዳታው ግፊት ከአረሩ ቀድሞ ዳሳሹን ያስነሳዋል። ሦስት አራት ሜትር አርቀው። ቤት ውስጥ የምትሞክር ከሆነ በሸምበቆ መብራት ሥር አትሞክር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለዓይንህ ባይታወቅም ዳሳሹ ያየዋል።

ባትሪውንም ቀይር። ይሄን ለሁሉም ነው የምለው።

ከከዚራ፦ በርሜሉ ላይ የሚታሰረውን በማግኔት የሚሠራውን አንድ ሰው በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛው?

ለፍጥነት ብቻ ከሆነ ግዛው። ፀሐይም ጨለማም አያስጨንቀውም። ግን በርሜሉ ላይ ክብደት ስለሚጨምር ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛውረዋል፤ እሱን አስረህ ኢላማህን አታስተካክል። ማሰሪያው ከበርሜልህ ውፍረት ጋር መግጠሙንም ሳታይ አትክፈል።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፣ ጡረታ የወጣ አድማጭ፦ ድሬ ከሰዓት 722 ያለኝ ጥይት የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር በማለዳ 713 አለኝ። ዕቃው ተበላሸ እንዴ?

አባባ፣ አንተ ስልህ ቅር አይበልህ፣ እኛ ጋ አንቱታ እንደሌለ ታውቃለህ። ዕቃህ ደህና ነው። የተለወጠው ባሩዱ ነው። ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጥይቱም ይፈጥናል። እንደ ዓይነቱ ይለያያል እንጂ በ1 ዲግሪ ግማሽ ሜትር በሰከንድ ገደማ መጨመሩ የተለመደ ነው። ድሬ ከሰዓት 35 ዲግሪ ከነበረ፣ ሐረር በማለዳ 17 ከነበረ ልዩነቱ 18 ዲግሪ ነው። በግማሽ ምታው፣ 9 ይመጣል። ያንተው ቁጥር።

ከፍታው ነው የሚሉህ ካሉ በከፊል ልክ ናቸው፤ ግን ክሮኖው ላይ የሚታይ አይደለም። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ናቸው። አየሩ ሐረር ላይ ይሳሳል፣ ጥይቱ በመንገድ ላይ ፍጥነቱን ቀስ ብሎ ያጣል። ቅዝቃዜው ደግሞ ከዚያ የተወሰነውን መልሶ ይወስዳል። ይሄ ሁሉ ራቅ ያለ ኢላማ ላይ እንጂ አፈሙዙ ሥር አይታይም። አንተ ማድረግ ያለብህ ጥይቱን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አለማስቀመጥ፣ በለካህ ቁጥርም የዕለቱን ሙቀት አብረህ መጻፍ ነው።

ከድሬዳዋ፦ 5 ጥይት ተኩሼ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3 ሆነ። የጓደኛዬ 6 ነው። ተወራርደናል፤ የኔ ጥይት ይበልጣል አይደል?

ውርርዱን አታንሳ ገና። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለት የጥይቶቹ ፍጥነት ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ጥሩ ነው። በ5 ጥይት የተገኘ 3፣ እውነተኛው ከ1.8 እስከ 8.6 የትም ሊሆን ይችላል። የጓደኛህ 6 ደግሞ ከ3.6 እስከ 17 ነው። ተደራርበዋል፣ ማንም አላሸነፈም። 20 ተኩስና 3 ካለህ ከ2.3 እስከ 4.4 ይጠባል፤ ያኔ ማውራት ይቻላል። ጥይት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። በትንሹና በትልቁ ፍጥነት መሀል ያለውን ልዩነትማ ለውድድር አታምጣው፤ ብዙ በተኮስክ ቁጥር እየሰፋ ነው የሚሄደው።

ከሐረር፣ የፊዚክስ መምህርት፦ ክሮኖ የመግዛት አቅም የለንም። የአየር ጠመንጃ ጥይት ፍጥነት ለተማሪ ማሳየት ይቻላል?

በደንብ! እንዲያውም የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ያንቺ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በፈረንጆቹ 1742 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ዘመን፣ የጥይትን ፍጥነት በተንጠለጠለ እንጨት እንዴት እንደለካ ጽፏል። እንጨቱ ተመትቶ ምን ያህል እንደተወዛወዘ አይቶ ፍጥነቱን አሰላ። አንቺ ጋ ደግሞ ስልክ አለ። ከአፈሙዙ አጠገብ፣ ወደ ጎን አድርገሽ ድምፅ ቅጂበት። ኢላማው 10 ሜትር ላይ የሚጮህ ቆርቆሮ ይሁን። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ክፈቺው፣ በነፃ ነው የሚገኘው፤ ሁለት ጉብታ ታያለሽ፣ ተኩሱና ምቱ። በመሀላቸው 0.088 ሰከንድ ቢኖር እንበል። ድምፁ ከቆርቆሮው ወደ ስልኩ ለመመለስ በ343 ሜትር በሰከንድ 0.029 ይፈጃል፣ እሱን ቀንሺ። 0.059 ይቀራል። 10ን ለ0.059 ሲካፈል 170 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይሆናል። የአሥር ሜትር ውድድር የአየር ጠመንጃም እዚያው አካባቢ ነው። የተገኘው ግን የመንገዱ አማካይ ነው፤ አፈሙዙ ላይ ትንሽ ይበልጣል፣ ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ያስቡበት።

ያለ ርዕሰ መምህሩና ያለ ፖሊስ ፈቃድ ግን እንዳትጀምሪ። ሁሉም መነጽር ያድርግ። ቆርቆሮውን ወደ መሬት ዘንበል አድርጊው፣ ጥይቱ ነጥሮ ወደ ልጆቹ እንዳይመለስ፤ ከኋላው ወፍራም ጣውላ አቁሚ። የምትተኩሺውም አንቺ ብቻ ነሽ።