ነርሲንግ አሲስታንት ሆኖ ሆስፒታል መግባት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አሜሪካ የሚኖሩ አድማጮቻችን ሆስፒታል ስለመቀጠር ደውለው ላነሷቸው ጥያቄዎች ባለሙያዎቻችን የሰጧቸው መልሶች ናቸው።

ጥያቄ (ሴት አድማጭ፣ አሌክሳንድሪያ)፦ የሲኤንኤ (ሰርተፊኬት ያለው ነርሲንግ አሲስታንት) የተግባር ፈተና ሁለቴ ወደቅኩ። ሁለቴም በእጅ መታጠብ ነው አሉኝ። ሰው እንዴት እጁን መታጠብ ይወድቃል?

መልስ፦ እህታችን፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው፤ ቤት የለመድነው አስተጣጠብ ስለሚቀድመን። በብዙ ስቴቶች በሚሰጠው ኤንኤንኤኤፒ በተባለው ፈተና 5 ተግባራት ይታያሉ፤ እጅ መታጠብ ሁልጊዜ አንዱ ነው። ጣቶችዎ ወደ ታች ይሁኑ፣ የቆሸሸው ውኃ ወደ ክንድዎ እንዳይመለስ። በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ይሹ፤ በጣቶች መሀል፣ የእጅ ጀርባና አንጓ አይቅር፣ ጥፍርዎን መዳፍዎ ላይ ይፈትጉ። የሲንኩን ውስጡን በእጅዎ ከነኩ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ከጣት ጫፍ ጀምረው ካደረቁ በኋላ ቧንቧውን በባዶ እጅ ሳይሆን በሌላ ደረቅ ወረቀት ይዝጉ። አብዛኛው ሰው ሁሉን አሳምሮ ሠርቶ መጨረሻ ላይ በታጠበ እጁ ቧንቧውን ይዘጋል።

ከተግባራቱ የልብ ምት መቁጠር ከደረሰዎት ደግሞ 30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት አያባዙ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥረው ይጻፉ፤ ከፈታኟ ቁጥር ከ4 በላይ መራቅ የለበትም፤ በአተነፋፈስ ከ2። ስህተትዎን ራስዎ ካዩት «ጨርሻለሁ» ከማለትዎ በፊት ለፈታኟ ተናግረው ያርሙት፤ ይፈቀዳል።

ጥያቄ (ወንድ አድማጭ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሁለት ዓመት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ) ሠርቻለሁ። ሆስፒታሎች ጋ ብዙ ጊዜ አፕላይ አድርጌ የጠራኝ የለም።

መልስ፦ «ሲኤንኤ» ብለው ብቻ እየፈለጉ ይሆናል። ሆስፒታሎች ይህንኑ ሥራ «ፔሸንት ኬር ቴክኒሺያን» እያሉም ያወጡታል። ሬዙሜዎ ላይ «ታማሚ እረዳለሁ» ማለት ምንም አይነግራቸውም፤ በአንድ ሺፍት ስንት ሰው ይይዙ እንደነበር፣ በሆየር ሊፍት (ታማሚን ከአልጋ በሚያነሳው መሣሪያ) ማንሳትን፣ ቫይታል ሳይን (የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ ሙቀትና የደም ግፊት) መለካትን፣ የሚጠጣና የሚሸና ልክ መመዝገብን ይጻፉ። የቢኤልኤስ፣ ማለትም ልቡ የቆመን ሰው የመርዳት ሥልጠና፣ ካርድዎ (2 ዓመት ነው የሚያገለግለው) በእጅዎ ይኑር፤ አሻንጉሊት ላይ ሳይለማመዱ በኦንላይን ብቻ የሚሰጠውን ብዙ ሆስፒታል አይቀበልም።

በሩ በብዛት የሚከፈተው በማታ ሺፍትና በፒአርኤን (ሲያስፈልግ ብቻ በሚጠሩበት ሥራ) ነው። ነገር ግን ፒአርኤን የተረጋገጠ ሰዓት የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢንሹራንስም የለውም፤ ነርሲንግ ሆሙን ወዲያው አይልቀቁ።

ጥያቄ (ሴት አድማጭ፣ ዳላስ)፦ ሥራውን አገኘሁ፤ የቲቢ የቆዳ ምርመራዬ ግን ፖዘቲቭ ሆነ። ምንም አያመኝም።

መልስ፦ አይደንግጡ። አገር ቤት በልጅነት የተከተቡት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ የቆዳ ምርመራውን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም። እሱም ፖዘቲቭ ከሆነ የደረት ራጅ ይነሣሉ፤ ራጁ ንጹህ ከሆነና ምልክት ከሌለዎት የተኛ ቲቢ ነው ማለት ነው፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። መታከሙን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። የራጁን ውጤት በጽሑፍ ያስቀምጡት፣ በየቀጣሪው ይጠየቃሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልጀመሩ አሁኑኑ ይጀምሩ፤ የተለመደው ሦስት ዙር 6 ወር ይፈጃል።

ጥያቄ (ወንድ አድማጭ፣ አትላንታ)፦ ፈተና ጣቢያ ደርሼ በስሜ ምክንያት መለሱኝ።

መልስ፦ ሲመዘገቡ የአባትዎን ስም፣ መታወቂያዎ ላይ የአያትዎን ስም የመጨረሻ ስም አድርገው ይሆናል። ምዝገባው ፊደል በፊደል ከመታወቂያው ጋር ይግጠም፤ ማረሚያውንም ከፈተናው ቀን በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ (ሴት አድማጭ፣ ሲያትል)፦ ልጅ ወልጄ ሦስት ዓመት ቤት ዋልኩ። ሰርተፊኬቴ ይሠራል?

መልስ፦ በፌዴራል ሕግ ለተከታታይ 24 ወር በሙያው ተከፍሎት ያልሠራ ሰው እንደገና ሠልጥኖ መፈተን፣ ወይም እንደገና መፈተን አለበት። ለሥልጠናው ከራስዎ ከፍለው ሰርተፊኬት ባገኙ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከተቀጠሩ ግን ወጪው የሚመለስበት ደንብ አለ፤ ደረሰኝዎን አይጣሉ።