«ኤፍ ሳይኖረኝ ኤይዴ ለምን ታገደ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ክፍል በአሜሪካ ኮሌጆች ስላለው የፌዴራል ፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ገንዘብ እርዳታ) ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምደውለው፤ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። በሁለት ሴሚስተር ለ24 ክሬዲት ተመዝግቤ፣ ሥራ ሲበዛብኝ ሦስት ክላስ መሀል ላይ ትቼ ወጣሁ (ዊዝድሮው አደረግሁ)። 15 ክሬዲት አልፌያለሁ፤ ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) 3.1 ነው። ፔል ግራንቴ፣ ማለትም ከፌዴራል መንግሥት የማገኘው የትምህርት እርዳታ፣ ለምን ታገደ?

መልስ፦ ያሳገደዎት ደብሊው፣ ማለትም ዊዝድሮው ላደረጉት ክላስ የሚመዘገበው ምልክት ነው። ደብሊው ጂፒኤን ስለማይነካ ብዙ ተማሪ ጉዳት የለውም ብሎ ይዘናጋል። የኤይዱ ደንብ ግን ከጂፒኤው ሌላ (አብዛኛው ኮሌጅ 2.0 ይጠይቃል) ከተመዘገቡበት ክሬዲት ስንቱን እንዳለፉም ይመዝናል። ደብሊው፣ ኤፍ (የወደቁበት ክላስ) እና ኢንኮምፕሊት (ያልተጠናቀቀ ክላስ) ከተመዘገቡበት ውስጥ ይገባሉ፤ ካለፉት ውስጥ አይገቡም። የእርስዎ 15 ለ24 ሲካፈል 62.5 በመቶ ነው፤ የተለመደው ዝቅተኛ መጠን 67 በመቶ ነው። ከኪስዎ የከፈሉባቸው ሴሚስተሮችም አብረው ይቆጠራሉ።

አሁን መጠኑን እንዴት ከፍ ያደርጉታል? አንድ ባለ3 ክሬዲት ክላስ ብቻ ወስደው ቢያልፉ 18 ከ27 ይሆናል፤ ይህ 66.67 በመቶ ነው። ኮሌጅዎ 66.67 ይበቃል የሚል ከሆነ ተመልሰዋል፤ 67 የሚል ከሆነ በጥቂቱ ጎድሎብዎት እንደታገዱ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለት ክላስ ይውሰዱ፦ 21 ከ30፣ 70 በመቶ። የሴሚስተሩን ክፍያ ግን ይግባኝዎ ካልተፈቀደ በቀር ራስዎ ነዎት የሚሸፍኑት። ውጤቱ እንደወጣ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ እንደገና እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ወደፊት ክላስ መተው ካለብዎት ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ባለው የድሮፕ ጊዜ ይተዉት፤ ያኔ ደብሊው አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ። ልጄ ሜጀሩን (ዋና የትምህርት መስኩን) ወደ ነርሲንግ ቀየረ። ለ75 ክሬዲት ተመዝግቧል፤ 30 ይቀረዋል። ጂፒኤው ጥሩ ሆኖ ሳለ ከለከሉት።

መልስ፦ አባታችን፣ የኮሌጁ ፕሮግራም 60 ክሬዲት ከሆነ ልጅዎ እርዳታ የሚያገኘው እስከ 150 በመቶው፣ ማለትም እስከ 90 ክሬዲት ነው። 75 ላይ 30 ሲደመር 105 ስለሚሆን፣ በ90 ውስጥ እንደማይጨርስ ከታወቀ እርዳታው ዛሬውኑ ይቆማል፤ 90 እስኪሞላ አይጠበቅም። አንዳንድ ኮሌጆች ለአዲሱ ሜጀር የማያገለግሉትን ክሬዲቶች ከቆጠራው ያወጣሉ። ልጅዎ መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ፤ እምቢ ካሉት ይግባኝ ይበል። ከአካዳሚክ አማካሪው የቀሩትን ኮርሶች ዝርዝር በየሴሚስተሩ አስጽፎ ማያያዝ አለበት።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ አርፋ ለቀብርና ለሐዘን ሄድኩ፤ በዚያ ሴሚስተር ሁሉንም ክላስ ተውኩ። ይግባኙ ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የቅርብ ዘመድ ሞት ደንቡ በስሙ የጠቀሰው ምክንያት ነው፤ ሕመምና ጉዳትም እንደዚያው። ደብዳቤው ሁለት ነገር መያዝ አለበት፦ ምን እንደደረሰብዎትና አሁን ምን እንደተለወጠ። ሁለተኛውን የሚረሳ ደብዳቤ ሊወድቅ ይችላል። «ገንዘቡ ስለሚያስፈልገኝ» የሚለው አይረዳዎትም፤ «ተመልሻለሁ፣ የሥራ ሰዓቴን ቀንሻለሁ፣ በመጪው ሴሚስተር ሁለት ክላስ እወስዳለሁ» የሚለው ይረዳዎታል። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንም ያያይዙ። በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ክላሱን ከተዉበት ቀን ጋር መግጠም አለበት። ከተፈቀደልዎ ለአንድ ሴሚስተር እርዳታውን እያገኙ ፕሮቤሽን (የሙከራ ጊዜ) ላይ ይሆናሉ፤ በአንድ ሴሚስተር የማይስተካከል ከሆነ ኮሌጁ የትምህርት ዕቅድ አውጥቶልዎ በዚያ ይከታተልዎታል።

አንድ ነገር ለብቻው ይወቁ፦ የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ሁሉንም ክላስ ከተዉ፣ ከተሰጠዎት ገንዘብ የሚመለስ ሊኖር ይችላል። ይግባኙ ቢፈቀድም ያንን ዕዳ አያነሳም፤ ቀሪ ሂሳብዎን በኮሌጁ የክፍያ ቢሮ ያጣሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ሴሚስተር ባርፍና ፋፍሳ (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን) እንደገና ብሞላ እገዳው ይነሳል?

መልስ፦ አይነሳም። ፋፍሳ የገንዘብ አቅምዎን እንጂ የትምህርት ውጤትዎን አይመዝንም፤ ማረፍም ክሬዲት አይጨምርልዎትም።