ቤቱም የሱ፣ ቪዛውም የሱ፦ ዱባይ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ማስተማር

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስትነዘንዙኝ የከረማችሁበትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ዱባይ ሄዶ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ማስተማር። እኔ አራት ዓመት ሂሳብ አስተምሬበታለሁ። ጸጉሬን አይታችሁ ፍረዱ።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ስንት ይከፍላሉ?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃችኋለሁ። ቤቱ የማን ነው?

እስቲ እንዲህ አስቡት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችሁ ራቅ ያለች የገጠር ከተማ ተመደባችሁ። ሰው አታውቁም። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። «ምን ኪራይ ያንከራትትሃል፣ እኔ ግቢ ሰርቪስ ቤት አለ፣ ግባ» አሏችሁ። ገባችሁ። ኪራይ የለም። መብራት የለም። ማለቴ የመብራት ክፍያ የለም። (አንዳንዴ መብራቱም የለም፣ እሱ ሌላ ቪዲዮ ይወጣዋል።) ለፋሲካ ከነድስቱ ዶሮ ይላክላችኋል። ደመወዛችሁ ሳይነካ ይቀመጣል። ጓደኞቻችሁ ይቀናሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጋጫችሁ። በአንድ ተማሪ ውጤት። «ወድቋል» አላችሁ። «አሳልፈው» አሉ። ተኮራርፋችሁ ወጣችሁ። ማታ የት ነው የምትገቡት? እሳቸው ግቢ! በሩን የሚከፍቱት እሳቸው። የውሃ ቧንቧው የሳቸው። ሽንት ቤቱ የሳቸው። ሌላው ይቅር፣ ውሻው የሳቸው ነው! ትናንት ጭራውን ሲቆላላችሁ የነበረው ውሻ ዛሬ ዝም ብሎ ያያችኋል።

ዱባይ ትምህርት ቤቱ ከደመወዝ በላይ የሚሰጣችሁ ፓኬጅ ማለት ይሄ ነው። ቤት ወይም የቤት አበል፣ በዓመት የአውሮፕላን ቲኬት፣ የጤና መድን፣ ለልጃችሁ በነጻ ወይም በቅናሽ ትምህርት። የመኖሪያ ፈቃዱም በትምህርት ቤቱ ስም ነው የሚወጣው። ሁሉም ከአንድ እጅ ነው የሚመጣው። ሲሄድም ሁሉም አንድ ላይ ይሄዳል። ሥራ ለቀቅኩ ስትሉ ቤትም፣ ፈቃድም፣ የልጅ ትምህርት ቤትም ለቀቃችሁ ማለት ነው። ፓኬጁን እየሰደብኩ አይደለም፣ እኔም በልቼበታለሁ። ግን ውሻውን አትርሱት።

እሺ፣ ወደ ወረቀቱ ልገባ ነበር። ግን አንድ ኮሜንት አላስቀምጥ አለኝ። «እንግሊዝኛዬ አሪፍ ነው፣ ዲግሪ የለኝም፣ አይቀጥሩኝም ወይ?» የሚል። ይሄን ጥያቄ ያልጻፈልኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወገኖቼ፣ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ኮርስ አይደለም! እዚያ የሚፈለገው የፊዚክስ መምህር ነው፣ የሂሳብ መምህር ነው፣ የሁለተኛ ክፍል መምህር ነው። በንጉሡ ዘመን የመጡትን የህንድ መምህራን ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ከኬረላ ድረስ በኮንትራት መጥተው ክፍለ ሀገር ድረስ የተበተኑትን። ህንድኛ ሊያስተምሩን ነው እንዴ የመጡት? አልጀብራ ነው ያስተማሩን! እንግሊዝኛው መጓጓዣ ነበር። ኢንተርናሽናል መምህር ማለት እነሱ ናቸው። እኛ ቤት ስለመጡ ስሙን አልሰጠናቸውም እንጂ።

«ኢንተርናሽናል» የሚለው ስምም ከቋንቋ ትምህርት አልመጣም። በፈረንጆቹ 1924 ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማህበርና ለዓለም የሥራ ድርጅት ሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። (እኛ ማህበሩ ውስጥ የገባነው በ1923 ነው፣ በአንድ ዓመት ቀድመናል!) አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የምትሉት፣ ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጀው ድርጅትም በ1968 እዚያው ጄኔቫ ተመሠረተ። ዱባይ ውስጥ አይቢ አለ፣ የእንግሊዝ ሥርዓት አለ፣ የአሜሪካ አለ፣ የህንድ አለ። ደመወዙም በዚያው ልክ ይለያያል።

አሁን ወረቀቱ። በፍጥነት ነው የማልፈው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ዲግሪ፣ የማስተማር ብቃት ማስረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ልምድ። ዲግሪው አገር ቤት ይረጋገጣል፣ ውጭ ጉዳይ ማህተም ይመታል፣ ኤምባሲ ይመታል፣ እዚያ ደግሞ የነሱ ውጭ ጉዳይ ይመታል። ቅጥሩ ለነሐሴ ሆኖ ፍለጋው የሚጧጧፈው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ሰኔ ላይ ሲቪ የምትልኩ፣ አዝናለሁ። «ቪዛህን ላስጨርስልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካለ ሽሹ። በኤምሬትስ ሕግ የቅጥር ወጪ የአሠሪው ነው።

የስንብት ክፍያው ላይ ግን ትንሽ ቆም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ነው፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን። አንድ ዓመት ያልሞላው አያገኝም። ግን የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። ውላችሁ በወር በጠቅላላው 12,000 ድርሃም ይበል፣ መሠረታዊው 8,000 ቢሆን በዓመት የሚደርሳችሁ 5,600 ነው። የቤት አበሉ አይቆጠርም። እኔ በ12,000ው አስልቼ መኪና መርጬ ነበር። የሂሳብ መምህር ነኝ እኮ!

ስለ ኑሮው አንድ ነገር ብቻ። ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ እረፍቱ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ አርብ ግማሽ ቀን። የታህሳስ እረፍታቸው የፈረንጆቹን ገና ይዞ አዲስ ዓመታቸውን እንዳለፈ ያልቃል። የኛ ገና መቼ ነው? በነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7! እናቴ ቪዲዮ ደውላ ዶሮውን ስታሳየኝ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበርኩ። ሰባተኛ ክፍል፣ ክፍልፋይ። አንድ ልጅ ስልኬን አየና «ሚስ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «አሥራ ሁለት ብልት ነው፣ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንዱ ስንት ይደርሳል?» አልኩት።

የብልቱን መልስ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። በሚቀጥለው መብራቱ ካለ እንገናኛለን። ቻው ቻው!