ጨለማ የሚወድ ተክል የለም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ ቤት ውስጥ ተክል እንድናገር ስጋበዝ እሺ ያልኩት ብዙ ስላሳደግሁ ሳይሆን ብዙ ስለገደልኩ ነው። የመጀመሪያዋ ስፓቲፊለም ነበረች። ነጭ አበባዋን አይቼ ወደድኋት፤ ሻጩም «ይህች ጨለማ ትወዳለች» አለኝ። አመንኩት። መስኮት በሌለው መተላለፊያ ጥግ አስቀመጥኳት። ቅጠሏ ዝልፍልፍ ሲል ጠምቷት ነው ብዬ አጠጣኋት። ባሰባት፤ እኔም ጨመርኩላት። በመጨረሻ ከማሰሮዋ ሳወጣት ሥሯ ጠቁሮ በጣቶቼ መካከል እንደ ራሰ ወረቀት ተበጣጠሰ። ሽታው የረጋ ኩሬ ሽታ ነበር።

ሻጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚለውን ነው ያለኝ። ነገር ግን ጨለማ የሚወድ ለምለም ተክል የለም። ያለው ረሃብ የሚችል ተክል ነው። ብርሃን ለተክል ጌጥ አይደለም፤ ቀለቡ ነው።

ለመሆኑ ቤታችን ምን ያህል ብርሃን አለው? እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትመኑት። ዓይን አባባይ ነው፤ ደብዘዝ ያለውን ክፍል ቶሎ ይለምድና «በቂ ነው» ይላል። በብርሃን መለኪያው በሉክስ ብንቆጥር፣ በጠራ ቀን የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። ሳሎናችን መሐል ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው 100 ወይም 200 ሉክስ ነው። እኛ ጋዜጣ እናነብበታለን፤ ተክሉ ጦሙን ያድራል።

መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። በቀትር ጊዜ ማሰሮው በሚቀመጥበት ቦታ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፤ እጃችሁን ከወረቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ከተቆረጠ ብርሃኑ ብዙ ነው። የእጅ ቅርጽ መሆኑ ቢታወቅም ጠርዙ ከደበዘዘ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ተክሎች ይኖሩበታል። ጥላ ጨርሶ ካልታየ ቦታው የተክል ሳይሆን የመብራት ቦታ ነው። የኤልኢዲ መብራት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቅጠሉ በላይ ሰቅላችሁ በየቀኑ ለ12 ሰዓት ያህል ብታበሩ ግን እዚያም ይበቅላል።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው አስፒዲስትራን ነው። ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች፣ ከዛፍ ሥር ጥላ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጋዝ መብራት ጭስ በታፈኑ የእንግሊዝ ቤቶች ውስጥ ሌላው ሲጠወልግ እርሱ ስለ ጸና «የብረት ተክል» የሚል ስም አወጡለት። ዕድገቱ ቀርፋፋ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቅጠል ካወጣ ይበቃዋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይሰለቸዋል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ቁጥብ ፍጥረት እወዳለሁ።

ሁለተኛው ዛሚኦኩልካስ ነው፤ ብዙዎች ዚዚ ይሉታል። የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። ማሰሮውን ብትገለብጡ ከአፈሩ ሥር ድንች የሚመስሉ እብጠቶች ታገኛላችሁ፤ የውሃ ጎተራዎቹ ናቸው። ለዚህ ነው ወር ሙሉ ብትረሱት የማይቀየማችሁ። ሳንሴቬሪያም እንዲሁ ቻይ ነው። ሊቃውንቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ድራሴና ከሚባለው ወገን ቢቀላቅሉትም በገበያው ዘንድ ስሙ ያው የድሮው ነው። ፖቶስ ደግሞ ሐረግ ስለሆነ ከመደርደሪያ ላይ ወርዶ ይንጠለጠላል።

ዝንጉርጉር ቅጠል ያላቸውን ስታዩ ግን ቆም በሉ። ነጩ ክፍል ምግብ የሚያበስለው አረንጓዴ ቀለም የለውም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ተክል በጨለማ ክፍል ከአረንጓዴው ይልቅ ቶሎ ይራባል። ብዙ ጊዜም የሚያወጣው አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ቁልቋልን ለጨለማ ቤት መግዛት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ስፓቲፊለሟ ልመለስ። እርሷን የበላት ጨለማው ብቻ አይደለም፤ ውሃም ጭምር ነው። ብርሃን ሲያንስ ተክል ሥራውን ይቀንሳል፣ ውሃም በዝግታ ይጠጣል። አፈሩ ረጥቦ ሲከርም በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረው አየር ይጠፋል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የጠማው መስሎ ይዝለፈለፋል። እኔን የሸወደኝ ይኸው ነው። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ አታጠጡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ጣሳውን መልሱት። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ቅጠሉንም አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራ ያችኑ ጥቂት ብርሃን ይሻማል።

«አየር ያጠራል» ተብላችሁ የምትገዙም ካላችሁ ቅር አይበላችሁ። ለዚህ አባባል የሚጠቀሰው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ጥናት የተሠራው በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በእውነተኛ ቤት ውስጥ መስኮት የመክፈትን ያህል ለማጥራት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቢያንስ አሥር ተክል ያስፈልጋል። ለመኝታ እንኳ ቦታ አይተርፈንም።

በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የቆሙ የፖቶስ ቁርጥራጮች አሉ። ከአንጓው በታች ስለቆረጥኳቸው አንዳንዶቹ ነጫጭ ሥር ማውጣት ጀምረዋል። ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱ። ሕፃን ወይም ድመት ያላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት፤ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍ የሚያቃጥል ጥቃቅን ክሪስታል አለው። ወይም ነገሩን ተዉትና ለድመት ጉዳት የሌለውን አስፒዲስትራ ፈልጉ። የእኔን ግን አልሰጥም፤ ዘንድሮ ያወጣው ሁለት ቅጠል ብቻ ነው።